ፊደል ቆጥሮ መጽሐፍ ማጣት

ስለ ጋሞ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሸማው ነው፡፡ ከዶርዜ ደጋ ወርዶ ሽሮ ሜዳ ላይ የከተመው ሸማኔ አገር ያለበሰ መሆኑን ማን ይክዳል! እኔ ግን ዛሬ ላነሣው የወደድሁት የጋሞን መጽሐፍ ነው፡፡ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ተነሥቶ እስከ ጨንቻ ደጋ በሚዘልቀው በዚህ አገር፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ለተመዘገበው ሕዝብ፣ ፊደል ስንት ጊዜ መጣለት? በመጣ ጊዜስ ሕዝቡ ምን አነበበበት?

መጀመሪያ የመጣው በብራና ነው፡፡ በአባያ አካባቢ ያለችው ጥንታዊቷ ብርብር ማርያም የብራና መጻሕፍት ከሚጠበቁባቸው የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት፡፡ ያ ጽሑፍ ግን የግእዝ ነበርና ከካህናቱ እጅ ወጥቶ ወደ እንሰት ተካዩና ወደ ሸማኔው ጎጆ አልገባም፡፡ ሕዝቡ መጽሐፍ እንዳለ ያውቃል፤ ይሳለመዋልም፤ አያነበውም፡፡ በዚህ ረገድ ጋሞ ከሌላው የኢትዮጵያ ገጠር የተለየ ዕጣ አልገጠመውም፡፡

ሁለተኛው የመጣው በዘመቻ ነው፡፡ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደርግ ያወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሽማግሌውንም፣ እናቲቱንም፣ እረኛውንም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀመጠ፡፡ ትምህርቱ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ዘመቻውን ሸልሞታል፡፡ ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል ወላይትኛ ነበረበት፤ ጋሞኛ ግን አልነበረበትም፡፡ ስለዚህ የጋሞ ገበሬ ፊደልን የቆጠረው በጎረቤቱ ወይም በመንግሥቱ ቋንቋ ነው ማለት ነው፡፡

ዘመቻው አንድ ነገር በትክክል ገብቶት ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ እንደሚረሳ፡፡ በመሆኑም በየገበሬ ማኅበራቱ የንባብ ክፍሎች እንዲከፈቱ ተደረገ፡፡ እነዚህን ክፍሎች የገጠሩ የመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ብንላቸው ማጋነን አይሆንም፡፡ ችግሩ የመደርደሪያው ሀብት ነበር፡፡ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ አብዮቱ የሚያስተምሩ ቀጫጭን መጻሕፍት ሰውን አንድ ጊዜ ያስነብባሉ፤ ደግሞ እንዲመጣ ግን አያስናፍቁም፡፡ ተረት የለ፣ ልብ ወለድ የለ፣ የገዛ አያቱ ነገር የለ፡፡ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ክፍሎቹን በላይ ሆኖ የሚያዝላቸው አካል አብሮ ወደቀ፤ ከታች ደግሞ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆምላቸው ሰው አልተተካላቸውም፡፡

ሦስተኛው የመጣው በላቲን ፊደል ነው፡፡ ከ1983 በኋላ የአካባቢው ቋንቋዎች በላቲን ይጻፉ ተባለ፡፡ በዘመቻው ግእዝ ፊደል የቆጠረ አባት የልጁን ደብተር ገልጦ ማንበብ የተሳነው ያን ጊዜ ነው፡፡ ከዚያም ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የመማሪያ ቋንቋ የመፍጠር ሐሳብ መጣ፤ ስሙ ራሱ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው፡፡ መጻሕፍቱ ታትመው ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ሕዝቡ እምቢ አለ፡፡ ኅዳር 1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፡፡ አራቱ ቋንቋዎች እጅግ የሚቀራረቡ መሆናቸውን የሥነ ልሳን ሊቃውንት ይመሰክራሉ፡፡ ሕዝቡ ግን ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ከወረቀት ላይ ሊቀበል አልወደደም፡፡ ሰው ለመጽሐፍ ሲል የሞተበት ታሪክ በአገራችን ብዙ አይደለም፤ ይህ አንዱ ነው፡፡ መጽሐፍ ተራ ዕቃ አለመሆኑንም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳኝ ምሳሌ አላገኘሁም፡፡

አርባ ምንጭ ከተማ በበኩሏ በትምህርት አላነሰችም፡፡ በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነቱን ከጨንቻ ተረክባ አደገች፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተባት፤ እርሱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፡፡ የዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ግን ለተማሪው የተሰናዳ ነው፡፡ ከደጋው ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ ልጅ ምን ብላ ትገባበታለች?

መንግሥት ከላይ ያወረደው የንባብ ክፍል እንዲህ ከቀረ፣ አንድ ሰው ከታች የጀመረው ሥራ ምን እንዳፈራ ማየት ይጠቅማል፡፡ ለዚህ ከአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፡፡ የነገሌ ቦረናው ተወላጅ ከትምህርት ቤት ውጪ ያለ መጽሐፍ መጀመሪያ እጁ የገባው በ19 ዓመቱ ነው፡፡ ያም ቢሆን ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ ግን የንባብን ረኃብ ለኮሰበት፡፡ በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ፣ የዓለም ልጆች መጻሕፍት በየቋንቋው ተደርድረው የኢትዮጵያ ቋንቋ መጽሐፍ ማጣቱ ከነከነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 በማጂ ካደገችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ከጄን ኩርትዝ ጋር ሆኖ በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፡፡ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፡፡ ወደ አገሩ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ልጆቹ ላከ፡፡ ጋሪው ጥላ ሥር ይቆማል፤ ጎኑ ሲከፈት መደርደሪያ ይሆናል፤ ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፡፡

የዚህ ሥራ ምሥጢር ከገንዘቡ ይልቅ አካሄዱ ነው ባይ ነኝ፡፡ መጀመሪያ፣ ልጁ የሚያውቀው ተረት በሚያውቀው ቋንቋ ተጻፈለት፡፡ ቀጥሎ፣ መጽሐፉ ልጁ ወዳለበት ሄደ፡፡ ከሁሉም በላይ፣ ቤቱን የከፈተ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቅ፣ ዛሬ ያልመጣው ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበረው፡፡ ከባሕር ማዶ የሚላክ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ አንባቢ የሚያፈራው ግን ይህ ሁሉ ሲኖር ነው፡፡

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ በጋሞ ምድር ቀድሞ የተሰናዳ ይመስለኛል፡፡ ጋሞ ዱቡሻ አለው፤ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነገሩን ሁሉ በንግግር የሚጨርስበት ሸንጎ፡፡ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የአርባ ምንጭ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው እንደመለሱት አይተናል፡፡ ያን ቁጣ ያበረደ ሥርዓት የአንድ መጻሕፍት ቤት ቁልፍ መጠበቅ ያቅተዋል? የመጽሐፉ ኀላፊ በሸንጎው ቢመረጥ፣ የጠፋውን መጽሐፍ ሽማግሌ ቢጠይቅለት፣ መጽሐፉም በዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ በጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ቢወጣ፣ ገበያተኛው ከነልጁ ያገኘዋል፡፡ መደርደሪያው ላይም ሽማግሌዎች የሚተርኩት ተረት በጋሞኛ፣ ከጎኑ በአማርኛ ተጽፎ ይቀመጥ፤ አባት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው አንድ ገጽ ላይ ይገናኙ፡፡

ፊደል ሦስት ጊዜ ወደ ጋሞ መጥቷል፤ በካህን፣ በዘማች፣ በባለሥልጣን እጅ፡፡ አራተኛው ጉዞ ከዱቡሻው ቢነሣ፣ ያ መጻሕፍት ቤት ከመንግሥት መለዋወጥ በኋላም በሩ ክፍት ሆኖ ይገኛል ብዬ አምናለሁ፡፡ ሸማኔው ድሩን ሲያደራ ጥበቡን አስቀድሞ በልቡ ይዞ ነው፤ የጋሞም መጽሐፍ ድሩ ተደርቷል፤ የሚቀረው ማግ ነው፡፡