ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ቪዲዮ ቤት
በካዛንቺስ ስለታዩና ስላልታዩ ፊልሞች

የአንድ ሰፈር ሰዎች የሚወዷቸው ፊልሞች ዝርዝር ቢወጣ ከዝርዝሩ ውስጥ የሰፈሩ ጣዕም ብቻ ሳይሆን የአዳራሾቹ፣ የገበያውና የመንግሥታቱ ታሪክ ጭምር ይነበባል። በካዛንቺስና በቂርቆስ አካባቢ ያደገ፣ ዛሬ ዕድሜው ከአርባ የዘለለ ሰው የሚወደው ፊልም የትኛው እንደሆነ ቢጠየቅ በመጀመሪያ የሚጠራው የሕንድ ፊልም ነው፤ ቀጥሎ የሆንግ ኮንግ፣ ከዚያም የአሜሪካ ይከተላል። የአገሩን ከጠራም የሚጀምረው በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ ከተሠሩት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን በስም ይሰማ እንደሆነ እንጂ አላያቸውም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ለሕዝብ ካሳዩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በከተማችን የተከፈተውን የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ይህን ስም ዛሬ እንደ መሳቂያ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን አልስቅም። ትንፋሽ የሌለው ምስል ሲሮጥና ሲጣላ አይቶ የደነገጠ ሰው፣ ስልኩን እየነካካ ፊልም ከሚያይ የዛሬ ተመልካች ይልቅ ለነገሩ ክብደት ሰጥቶታል።

ከዚያ በኋላ የፋሺስት ወረራ መጣ። ጣሊያኖች ሲኒማን ለፕሮፓጋንዳቸው ሲያውሉት የከተማዋንም ካርታ በዘር ለያዩት። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ይሠራ የነበረው ተቋም ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና ስሙ በእኛ አፍ ተለዝቦ የሰፈር ስም ሆነ። ከካዛንቺስ በፍልውሃ በኩል በእግር የሚደረስበት የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንጻ ነበር። ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከፈት መድረክ ሆነ። እኛ ጸሐፌ ተውኔቶች እንግዲህ ለፊልም በታሰበ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው «ፊልም ተመልካቻችንን ነጠቀን» እያልን የምናማርረው።

ወደ ተወዳጆቹ ፊልሞች ልመለስ። የእናቶቻችንን ትውልድ ያስለቀሰው «ማዘር ኢንዲያ» የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ አዘጋጁ መህቡብ ካን፣ ዋናዋ ተዋናይ ናርጊስ ናት። ታሪኩ የአራጣ አበዳሪ ዕዳ ነው። ራዳ የምትባል ገበሬ ለሠርጓ በተወሰደ ብድር ሳቢያ መሬቷንና ከብቷን ታጣለች። ባሏ እጆቹን ድንጋይ ጨፍልቆበት አካለ ስንኩል ከሆነ በኋላ ጥሏት ይሄዳል። ጎርፍ መንደሩን ያጠፋል። በመጨረሻም ሽፍታ የሆነውን የገዛ ልጇን፣ የአበዳሪውን ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል፣ በጥይት ትገድለዋለች። ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገም። ዕዳ ምን እንደሆነ፣ ከወለዱት ልጅ ይልቅ የመንደር ክብር እንዴት ሊከብድ እንደሚችል ያልተረዳ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልተቀመጠም። ዘፈኖቹ ረዘም ይላሉ፤ ይህን ፊልሙን በቅርቡ እንደገና ስመለከት አስተውዬዋለሁ። የእናቲቱ ፊት ግን አሁንም እንደዚያው ነው።

በ1980ዎቹ ደግሞ ቪዲዮ ቤት መጣ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም ነበር። ብሩስ ሊን ያወቅነው በዚያ ነው። «ኤንተር ዘ ድራገን» ለሕዝብ የቀረበው እሱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 ከሞተ በኋላ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው የሰፈር ሕግ በዚያ ሰው ላይ በተለይ ጸንቶ ኖረ። ሳንቲም ያላገኘው ልጅ ደጅ ይቀራል፤ ያየው ሲወጣ ይተርክለታል። ተራኪው የማያውቀውን ቋንቋ ንግግር ከራሱ ፈጥሮ ይጨምራል፣ ያልነበረ ጠብ ያስገባል፣ የሚያለቅሰውን ሰው ድምፅ አስመስሎ ያለቅሳል። ስለ ተውኔት አወቃቀር በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን አልንቅም። ሆኖም አድማጭን በመሃል ሳያስነሡ እስከ መጨረሻው ማቆየትን ያየሁት ከእነዚያ ተራኪዎች ነው።

የአገራችን ፊልሞች ዕጣ እንግዲህ ደጅ እንደ ቀረው ልጅ ሆነ፤ ልዩነቱ አይቶ የሚተርክልንም አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ተሠራ፤ ድርሰቱ የእላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም መመላለስ የሚያወሳውን «ጉማ»ን አዘጋጀ። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ የደም ካሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአገራችን የፊልም ባለሙያዎች የሚሸለሙበት ሥነ ሥርዓት በዚህ ፊልም ስም ይጠራል። ስሙ ከፊልሙ ይልቅ የታወቀ መሆኑ ያሳዝነኛል። የሲኒማ ቤቶቹ በ1967 ዓ.ም. መወረስ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ ፊልሞች መበራከት፣ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን መቋቋምና በኋላም መፍረስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው ፊልም ማለት ያን ጊዜ ሴሉሎይድ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ በአግባቡ ካልተቀመጠም ይበላሻል። በሰፈር እየተባዛ በክራር ካሴት እንደሚሸጥ ዘፈን ቪዲዮ ቤት ሊደርስ አይችልም ነበር። የሕንዱ ፊልም ግን በቪዲዮ ካሴት ተባዝቶ ደረሰ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ፣ የጸሐፌ ተውኔቱ የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። ይህን ፊልም የሠራው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት ወደ አገሩ መጥቶ ነው። በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አቀረበው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገበሬው ሲነጋ ይነሣል፣ በሬውን ይጠምዳል፣ ያርሳል፤ ካሜራው አይቸኩልም። ልጅቷ ቤተሰቦቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልሟ ታያለች፤ በኋላም ጎርፍ ይወስዳታል። ባለርስቱ ከወንበሩ ሳይነሣ ይሳደባል። እውነቱን በአደባባይ የሚናገረው «እብድ» የተባለው ከበበ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በመድረካችን የምናውቀው ዓይነት እብድ ነው።

አንባቢው ሁለቱን ፊልሞች ያስተያይ። ጭሰኛና ባለ ዕዳ፣ ባለርስትና አራጣ አበዳሪ፣ ጎርፍ፣ በመጨረሻም ደም። በሃያ ዓመት ልዩነት አንድን ጉዳይ የያዙ ናቸው። የሕንዱ ሥራ በቀለምና በዘፈን አጅቦ ያባብለናል፤ የእኛው አያባብልም። የካዛንቺስ እናት ለራዳ ዕዳ ስታለቅስ የገዛ አባቷን ዕዳ ግን በአማርኛ የሚናገር ፊልም መኖሩን ሳታውቅ ኖረች። «ፊልማችን ደካማ ስለሆነ ሕዝቡ የውጪውን መረጠ» የሚሉ ሐያስያን ይህን አይመዝኑም፤ ምርጫ የሚኖረው ሁለቱም ሲቀርቡ ነውና።

የኋለኞቹ የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። የኃይሌ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በማግስቱም ዓመት በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባም ታየ። አንበርብር በጀርመን የሚያሳልፈው ክፍል ንግግር ይበዛበታል፤ ወደ መንደሩ ተመልሶ እናቱ ዘንድ ሲቀመጥ ግን ፊልሙ ዝም ይላል፣ ያን ጊዜም ይናገራል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በጉን ከቢላዋ ለማዳን የሚጥረው፣ ወጥ መሥራት የሚወደው ልጅ፣ በዚህ ዘመን ካየኋቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ ለመድረክ የምቀናበት ነው።

የካዛንቺስ ቪዲዮ ቤቶች የነበሩባቸው መንደሮች በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በብዛት ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ዝግጅት እንዲያስብበት አመለክታለሁ። በብሔራዊ ቴአትር በመጀመሪያው ምሽት «ማዘር ኢንዲያ»፣ በማግስቱ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»፣ በአንድ ቲኬት ይታዩ። አውቶቡስ ተልኮ የቀድሞዎቹ የካዛንቺስና የቂርቆስ እናቶች ከያሉበት ይምጡ። በሁለተኛው ምሽት ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ውይይት በእኛ በባለሙያዎቹ ሳይሆን በእነሱ ይከፈት።