ሳይነገረው የተሰበረ እግር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1767 ነው። ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነግሠዋል። የእኛ ታሪክ ግን ወዲያ ማዶ፣ እንግሊዝ አገር ነው።

ስሌተር የሚባል ሰው እግሩ ይሰበራል። በወጉ ታስሮለት ለሳምንታት ተኛ፤ አጥንቱም መግጠም ጀመረ። የቀረው ፋሻውን መፍታት ብቻ ነበር። ለዚህ ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ አንዱ ስቴፕልተን የሚባል መድኃኒት ቀማሚ፣ ሌላው ቤከር የሚባል ቀዶ ሐኪም። ቤከርን ተራ ሰው እንዳታደርጉት። በለንደኑ ቅዱስ በርቶሎሜዎስ ሆስፒታል ለዓመታት የሠራ፣ ስሙ የተጠራ ባለሙያ ነው።

ፋሻው ተፈታ። ቤከር እግሩን በሁለት እጁ ያዘ፣ ከዚያ... ቀጭ! ገና የገጠመው አጥንት ተላቀቀ። ስሌተር ጮኸ፤ ተፈጥሮ የጠገነውን አፈረሳችሁብኝ አለ። እነሱ እቴ! እግርህ መሳብ አለበት ብለው ጥርስ ያለው ከባድ ብረት አሰሩበት። ወራት አለፉ፣ ሰውዬው ግን አልዳነም። ከሰሰ።

ሌሎች ቀዶ ሐኪሞች ለምስክርነት ቀረቡ። የገጠመ አጥንት ያለ ታማሚው ፈቃድ አይላቀቅም፣ የሙያችን ደንብ ይህ ነው አሉ። 500 ፓውንድ ተፈረደለት፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ተከሳሾቹ ፍርዱ ይነሣልን ቢሉም ዳኞቹ እንቢ አሉ። የቤከርን ዝና አልካዱም፤ ዝናው አላዳነውም እንጂ። አዲስ መሣሪያ ሊሞክርበት ሳይሆን አይቀርም ብለውም ጠረጠሩ። እኔን የገረመኝ የሰጡት ምክንያት ነው፦ ሰው ምን ሊደረግበት እንደሆነ ይነገረው፣ ልቡን አጽንቶ ሕመሙን እንዲችል። ዳኛ እንዲህ የታማሚን ነገር ሲያስብ ብዙ አይታይም።

አያችሁ፣ እንዲህ ያለ አደጋ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥም አለ። ጀሶ የወለቀለት ሰው የደረቀ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ይስባል፣ ያጥፋል። አጥንቱ ሳይጠና ወይም ከእርጅና ሳስቶ ሳለ በኃይል ከተሳበ ያው «ቀጭ» ይመጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠና የሚያም ባት በእሽት አይነካም፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በፍጥነት ወደ ሐኪም ነው። ወገቤን ያለ ሰው ሽንት እምቢ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘም እንዲሁ። እነዚህን በትምህርት ቤት ሁሉም ባለሙያ ይማራቸዋል። ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያመጣው ግን ማንም የማይፈራው፣ ሆት ፓክ የሚባለው ማሞቂያ ነው።

አንዲት እናት እናስብ። ስኳር ካደረባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ የመጡት እግሬን ቆረጠመኝ ብለው ነው። ሆት ፓኩ የሚነከርበት ውሃ ከ70 ዲግሪ በላይ ነው፤ ለዚህም በፎጣ ደራርበው ይጠቀልሉታል። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ደጅ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው።

«እማማ፣ አልበዛብዎትም?»

«ደኅና ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

እዚህ ላይ ነው አደጋው! እግራቸው በስኳሩ ደንዝዟል፤ ቢቃጠልም አይነግራቸውም። ቢሰማቸውም ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ የደከመች ልጅ ላይ «አቃጠልሽኝ» አይሉም። ከእኛ ታካሚ «ደኅና ነው» መስማት ምንም መስማት አይደለም።

ባለሙያዋ ግን ብልህ ናት። ፎጣውን ከመዘርጋቷ በፊት ሁለት ቀጫጭን የመስተዋት ብልቃጥ አመጣች፤ በአንዱ ሙቅ፣ በአንዱ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለቻቸውና እያፈራረቀች እግራቸውን ነካች። ጭናቸው ላይ ለዩት። ቁርጭምጭሚት ላይ አመነቱ። ውስጥ እግራቸው ላይ ሙቁን ስታስነካቸው «ቀዝቃዛው ነው» አሉ። ሆት ፓኩ ወደ ጋኑ ተመለሰ።

ይህን ሳታደርግ አቃጥላቸው ቢሆንስ? በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንቀጽ 2031፣ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ይጠብቅ ይላል፤ በቸልተኝነት ከጣሰ ኃላፊ ነው። የወንጀሉም ሕግ በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ይቀጣል። የሙያ መድን የገባ ካሣውን ያስከፍል ይሆናል፣ እሰየው ነው። ካርድ ክፍል ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተብሎ የሚሰጠውን የስምምነት ወረቀት ግን፣ በእኔ በኩል፣ ብዙም አልተማመንበትም። ፈራሚዋ ያልገባትን ነው የፈረመችው፤ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ያልቃል።

የሚያዋጣው ካርዱ ነው። «ሆት ፓክ 20 ደቂቃ» ብቻ የተጻፈበት ካርድ ለማንም አይመሰክርም። ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ ግራ ውስጥ እግር ሙቀት አይለይም፤ ሆት ፓክ ቀርቷል፤ ምክንያቱ ለታካሚዋ ተነግሯቸዋል። ከታች ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። የረሳችው ካለ በኋላ ትጨምራለች፤ ግን የጨመረችበትን ቀን ጽፋ እንጂ በቀድሞው መስመር መሃል ሸጎጥ አድርጋ አይደለም። አቤቱታ ከመጣ ወዲያ የተነካካ ካርድ፣ ጥፋት የሌለበትንም ሰው ጥፋተኛ ያስመስላል። ስንቱ ባለሙያ በደነገጠ እጁ እንዲህ ራሱን አስሯል!

እናታችን ታዲያ ቅር አላቸው።

«ሙቀቱ ከቀረ ምን ልታደርጊልኝ ነው?»

«ከወንበር መነሣትና መቀመጥ እናለማምድዎታለን። ነገ ጭንዎን ያምዎታል፤ ጡንቻው ሲሠራ ነው፣ አይደንግጡ። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ይደውሉልኝ።»

«ያመኛል?»

«ትንሽ ያምዎታል፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው የወንበሩን ክንድ ያዙ።

«ካወቅሁትማ ቀላል ነው። በይ ቁጠሪልኝ።»