የሱሉልታ መስመርና የሶፍትዌር መገንቢያ መሣሪያ ምርጫ

ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው ሱሉልታ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሲተከልባት፣ ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር የምትነጋገርበት አዲስ በር ተከፈተ። ጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምርም ከባሕር ማዶ የሚመጣው መረጃ የሚወርደው ከሰማይ ነበር። መስመሩ ጠባብ፣ ዋጋውም ውድ ነበር። በመዲናይቱና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ ማለትም በሰበታ፣ በቡራዩና በራሷ በሱሉልታ ለሚኖር የኮምፒዩተር ባለሙያ የሥራ መሣሪያ ምርጫ ከዚህ መስመር ስፋት ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ይህም ጎልቶ የሚታየው ተራ በሚመስል አንድ ነገር፣ በሶፍትዌር መገንቢያ መሣሪያ ምርጫ ላይ ነው።

የመገንቢያ መሣሪያ የሚባለው፣ ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ አጠናቅሮ፣ ሌሎች ከሠሯቸው ክፍሎች ጋር አጋጥሞና ፈትኖ ለተጠቃሚ የሚደርስ አንድ ጥቅል አድርጎ የሚያወጣ ረዳት ፕሮግራም ነው። ታሪኩ ዘወትር የሚጀመረው ከሜክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን ለመጻፍ የተነሣው፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ስሕተት የሌለበትን ፕሮግራም ሲመረምር ጠዋቱን በሙሉ ካጠፋ በኋላ ነው። ስሕተቱ ታርሞ ነበር፤ ነገር ግን የታረመው ፋይል እንደገና ስላልተጠናቀረ ማሽኑ የሚያሄደው አሮጌውን ነበር። ስለዚህ ሜክ የፋይሎችን ሰዓት እያነጻጸረ የተለወጠውን ብቻ መልሶ እንዲገነባ ተደረገ። የትእዛዝ መስመር በታብ ምልክት ካልጀመረ አለመቀበሉ ግን እስከ ዛሬ ያስመርራል። ፌልድማን ጉድለቱን ቶሎ ቢያየውም በዚያን ጊዜ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች ስለነበሩት እነርሱን ላለማስቸገር ሲል ተወው። ደርዘን ሰው ላለማስቀየም ሲባል ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንደ ተቸገረ መቁጠር ያዳግታል።

ጄምስ ዱንካን ዴቪድሰን አንትን የጻፈው ከዚሁ የታብ ምሬት ጭምር በመነሣት፣ ቶምካት የተባለውን የጃቫ ፕሮግራም ለመገንባት ነው። አንት እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ችሎ ወጣ። ሜቨን 1.0 በ2004፣ ሜቨን 2.0 ደግሞ በ2005 ተከተሉ፤ ግሬድል 1.0 በ2012 ወጣ፤ በዓመቱ ጉግል ለአንድሮይድ ሥራ ሲመርጠው ስሙ ገነነ። የማስተማሪያ መጻሕፍት ይህን ሁሉ እንደ መሰላል ይደረድሩታል፤ እያንዳንዱ ከቀደመው አንድ እርከን ከፍ ያለ ይመስላል። ከሱሉልታ በኩል ለሚያየው ሰው ግን በአንትና በሜቨን መካከል ያለው ልዩነት የእርከን ሳይሆን የአቅጣጫ ነው።

አንት በራሱ አጋዥ ክፍሎችን ከሩቅ አያመጣም። ስለሆነም ፕሮጀክቱ የሚያስፈልጉትን ሁሉ ሊብ በሚባል አቃፊ ውስጥ ይዞ መዞር የተለመደ ነበር። በአንድ ሲዲ የተቀዳ ፕሮጀክት ሰበታ ውስጥ ስልክ በሌለበት ክፍል ቢከፈት ሳይጎድልበት ይገነባል። በሜቨን ግን ባለሙያው የሚያስፈልገውን ክፍል ስምና የእትም ቁጥር ብቻ ይጽፋል፤ ክፍሉን ከባሕር ማዶ ካለው ማዕከላዊ ማኅደር የሚያመጣው ራሱ ሜቨን ነው። የመጣው ክፍል ደግሞ ሌላ ክፍል ይጠራል፤ ያም ሌላውን። አምስት ስም የጻፈ ሰው ሃምሳ ፋይል ሊወርድለት ይችላል። ሜቨን ለራሱ ሥራ የሚያስፈልጉትን ተጨማሪ ክፍሎችም በዚሁ መንገድ ስለሚያመጣ፣ ባዶ ማሽን ላይ ገና ምንም ሳይገነባ መስመሩን ይዞ ይቆያል። ሰፊ መስመር ላለው አገር ይህ የማይታይ ወጪ ነው። በስልክ መስመር በሚደወል ኢንተርኔት ለሚሠራ ግን ሌሊቱን የሚወስድ ሥራ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ማግስቱ ይጨመርበታል።

ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጤና መረጃ ሥርዓት የሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ነው። ሂስፕ የተባለው መርሐ ግብር በ1994 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ፣ በ2003 ገደማ በኦስሎና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ኢትዮጵያ ገባ። ሁለተኛው እትም በጃቫ ተጽፎ በሜቨን የሚገነባ ሆነ። ዓላማው የአፍሪካና የእስያ ባለሙያዎች ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆኑ ሠሪዎችም እንዲሆኑ ነበር። የመሣሪያው ምርጫ ከዓላማው ጋር የተጋጨው እዚህ ላይ ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ቢሆንም፣ ጽሑፉን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ ግን ሰፊ መስመር ያስፈልግ ነበር። ምርጫው ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም፤ በብዙ ንዑሳን ክፍሎች የተዋቀረን ሥራ በአንት አያይዞ መያዝ አድካሚ ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይህንኑ ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ሲያውል፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መረጃ በአብዛኛው በጅቡቲና በሱዳን በኩል በፋይበር ገመድ ይገባ ስለነበረ የቀድሞው ችግር የተረሳ መሰለ።

መርሳቱ ግን ብዙ አልቆየም። መስከረም 2009 ዓ.ም. መነሻውን ሰበታ ያደረገው የጅቡቲ ባቡር መስመር በተመረቀበት ሰሞን በዚያው አካባቢ ሁከት ተነሥቶ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘጋ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለቀናት ተቋረጠ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። በቤት ኪራይ ውድነት ምክንያት ብዙ የመዲናይቱ ሠራተኛ ቡራዩና ሰበታ፣ በኋላም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚሁ ከተሞች ይኖራል። መንገድ በተዘጋበት ቀን ቢሮ መድረስ የማይችል፣ ቤቱም ኢንተርኔት የሌለው ባለሙያ በእጁ የቀረው በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ዓለምም አይቷል። መጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ሌፍት ፓድ የተባለችውን አሥራ አንድ መስመር ያህል የሆነች ክፍል ከኤን.ፒ.ኤም. ማኅደር ሲያነሣት፣ በእርሷ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ፕሮጀክቶች ባንድ ጊዜ መገንባት አቃታቸው። ጥር 2020 የሜቨን ማዕከላዊ ማኅደር ያልተመሠጠረ ግንኙነትን መቀበል ሲያቆም ያረጁ ፕሮጀክቶች በር ተዘጋባቸው። በ2021 ጄሴንተር የተባለው ማኅደር እንደሚዘጋ ሲነገር የአንድሮይድ ሠራተኞች የግንባታ ፋይሎቻቸውን ለመለወጥ ተሯሯጡ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ መስመሩ ደኅና ነበር፤ የጎደለው ዕቃ ቤቱ ነው።

ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ውኃ የተሠራው ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ስለማይዘንብ ነው። የሶፍትዌር ድርጅትም እንዲሁ የራሱን ማጠራቀሚያ ማቆም ይችላል። ኔክሰስን የመሰለ ፕሮግራም በቢሮው አንድ ማሽን ላይ ይተከላል፤ አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ክፍል እዚያው ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ባለሙያ ሲጠይቅ ከዚያው ይሰጠዋል። ሆኖም ጠባቂ፣ ዲስክና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ሦስት ሰው ላለበት አነስተኛ ቢሮ ወደ ሊብ አቃፊ መመለስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለአሮጌው ልማድም ቢሆን ዕዳ አለበት። ታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በሎግ ፎር ጄ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ሜቨን የሚጠቀም ሰው የትኛው ፕሮጀክት የትኛውን እትም እንደያዘ በአንድ ትእዛዝ ዘርዝሮ ማየት ይችል ነበር። የእትም ቁጥር ሳይጻፍባቸው በየአቃፊው የተከማቹ ክፍሎች ያሉት ግን አንድ በአንድ እየከፈተ መፈለግ ግድ ሆነበት።

እንግዲህ አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር የመሣሪያዎቹ አጻጻፍ ውበት ከሚያከራክር ይልቅ አንድ ሙከራ ቢደረግ ይመረጣል። ፕሮጀክቱ ባዶ ማሽን ላይ ይገለበጣል፤ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀላል፤ ከዚያም እንዲገነባ ይታዘዛል። ሜቨንን ያለ መስመር ለማሠራት የምትጨመረው ምልክት አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ ግሬድልም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ሁለቱም የጎደለውን ክፍል ስም ጽፈው ይቆማሉ።