የሰባራ ድልድይ ገመድ ያዦች

ዛሬ የምናወጋችሁ በምሥራቅ ጎጃም ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ ገበሬ ነው።

ቢቸና የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ ብቻውን ለሚሠራ ሰው አይመችም። አረሙ ፋታ አይሰጥም። አጨዳው ከዘገየም ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው ወንፈል ይገባል። ዛሬ እኔ ያንተን አርማለሁ፤ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ደቦ ሲሆን ነገሩ ሰፋ ይላል። ባለ እርሻው ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል። ሴቶቹ ከቀናት በፊት ጠላ ይጠምቃሉ፤ በዕለቱም እንጀራ ሲጋግሩ ይውላሉ። ስለ ደቦ ሲወራ ይህ ድካም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መዘንጋት ግን አልነበረበትም። ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚጻፍበት ደብተር የለም። ሒሳቡ በልብ ነው። የቀረ ሰው ግን አይረሳም!

ይህ የመረዳዳት ልማድ ከእርሻው አልፎ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ቦታ አለ። ከሞጣ ወደ ሰሜን ቁልቁል ስትወርዱ ዓባይን ታገኛላችሁ። ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው። እዚያ ወንዙ ላይ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ጥንታዊ ድልድይ አለ። የተሠራውም ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት በአፄ ፋሲል ዘመን ነው ይባላል። አንዳንዶች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ነገር ግን የፖርቱጋል ካህናትን ከአገር ያስወጡት ራሳቸው አፄ ፋሲል ናቸው። ደግሞስ ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው? ያገሬው ሰው አይደለምን?

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የድልድዩ መካከል ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ወንዙን ዞሮ መሻገር ደግሞ ረጅም መንገድ ነው። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? ገበያው ማዶ፣ ዘመዱ ማዶ፣ ለቅሶውም ማዶ ነው።

ሕዝቡ መላ ፈጠረ። ከስባሪው በወዲህና በወዲያ ሰዎች ይቆማሉ። መንገደኛው በገመድ ይታሰራል። በአንዱ ዳር ያሉት ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ፤ በሌላው ዳር ያሉት ይስባሉ። መንገደኛው በመካከል አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከበታቹ ዓባይ ይጮኻል። እስቲ አስቡት፤ የዚያ ሰው ሕይወት በማያውቃቸው ሰዎች መዳፍ ውስጥ ነው። አንዱ እጁ ቢከዳው፣ አንዱ ቢዘናጋ፣ አለቀ። እንዲህ እየተደረገ ከ60 ዓመት በላይ ተኖረ።

በ1993 ዓ.ም. ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሰዎች በዚህ ገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ላይ አየ። ሥዕሉ ዕረፍት ነሳው። ገንዘብና ባለሙያ አሰባሰበ። መኪና ወደዚያ ስለማይደርስ ዕቃው በአህያ ተጭኖ ወረደ። በ1994 ዓ.ም. ስብራቱ በብረት ተጋጠመ፤ ሰውም በእግሩ ተሻገረ። በ1997 ዓ.ም. ግን ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከጎርፉ ከፍ ያለ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ድልድዩን ያሠሩት ንጉሥ ስም በታሪክ ተጽፏል። ብረቱን ያመጣው እንግዳም ስሙ ታውቋል። ያን ሁሉ ዘመን ገመዱን የያዙት ሰዎች ስም ግን የት ተጻፈ? ለብዙ ጊዜ ጻፊ አልነበረም። አሁን እናንተ ትጽፋላችሁ። በሞጣና በማዶው ያላችሁ፣ ገመዱን የያዙ ወይም በገመዱ የተሻገሩ አረጋውያንን ፈልጉ። ማን ከማን ጋር ይስብ እንደነበር፣ ገመዱ ከምን ይገመድ እንደነበር፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዴት ይሻገሩ እንደነበር ጠይቋቸው። የነገሯችሁን በደብተራችሁ አስፍሩት፤ ስማቸውንም ከነአባታቸው ጻፉት።