የሥራ ቁርኝት፦ የሆቴል ሠራተኛን ምን ያቆየዋል?

አስተናጋጅ ሲለቅ አለቆች «ለምን ሄደ?» ይላሉ። ቴሬንስ ሚቸል፣ ቶማስ ሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ገልብጠው «የቀረውስ ለምን ቀረ?» አሉ። ያጠኑት የሱፐርማርኬትና የሆስፒታል ሠራተኞችን ነው፤ ሐሳቡ ግን ሆቴል ቤት በደንብ ይሠራል። «ጆብ ኢምቤድድነስ» ያሉትን «የሥራ ቁርኝት» እንበለው። «ሥር መስደድ» እንዳንለው፣ በአማርኛ ሥር የሚሰደው አብዛኛውን ጊዜ ችግርና በሽታ ነው።

ቁርኝት ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ከሰዎች ጋር ያለ ትስስር፣ ከሥራውና ከአካባቢው ጋር መስማማት፣ ሲለቁ የሚታጣ ጥቅም። «ለድርጅቱ ታማኝ ነህ ወይ?» ከሚለው የተለመደ ጥያቄ የሚለየው ከሆቴሉ በር ውጭ ያለውንም ሕይወት ስለሚቆጥር ነው። አንዲት ሠራተኛ ከኩሽና ጓደኞቿ ጋር የገባችበት ዕቁብ፣ የሰፈሯ ዕድር፣ የልጇ ትምህርት ቤት ሁሉ ይገባሉ። ከዱባይ ሆቴል ጥሪ ሲመጣ ሚዛን ላይ የሚወጣው ይህ ሁሉ ነው።

አስተዳደር ይህን ቁርኝት ማጥበቅም ማላላትም ይችላል፤ ለእኔ ትልቁ ማሳያ የሽፍት ፕሮግራም ነው። ዋዜማው ላይ የሚለጠፍ ወይም በሱፐርቫይዘር ስሜት የሚለዋወጥ ፕሮግራም ሠራተኛዋን ከዕድሩም ከልጇም ይነጥላታል። ፕሮግራሙን ቀድሞ ማውጣት፣ ማታ ለሚወጡት ሰርቪስ ማዘጋጀት፣ ሱፐርቫይዘር ሲያስፈልግ መጀመሪያ የቤቱን ሰው ማየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሌላው ሰርቪስ ቻርጅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደንበኞች የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲሰላ አይገባም። ገበያ ሲቀዘቅዝም አብሮ ይቀንሳል። ገቢው በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ሠራተኛ ክፍፍሉ እንዴት እንደተሰላ በግልጽ ካላየ ጥርጣሬው ከባልደረቦቹ ጋር ያለውን ትስስር ይበላዋል። የወሩን ስሌት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ በማዘግየት ሰው ለማስቀረት መሞከር ግን ከቁርኝት አይቆጠርም። ያው አዋጅ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራ ምስክር ወረቀቱ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል።