የሻንግሃዩ ሚዛን፦ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ምን ይለካል?



«የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ከዓለም ስንተኛ ናቸው?» ቁጥሩን አይተን አንዱን አገር እናደንቃለን፣ ሌላውን እንንቃለን። ሚዛኑን ማን ሠራው፣ ለምንስ ሠራው ብለን ግን አንጠይቅም። እስቲ ታሪኩን እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1998 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ፕሬዚዳንት ጂያንግ ዜሚን ቻይና በዓለም አንደኛ ተርታ የሚቆሙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚያስፈልጓት ተናገሩ። መንግሥትም ለተመረጡት ብዙ ገንዘብ መደበ። የሻንግሃይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ደግሞ «ከፊተኞቹ ምን ያህል ርቀናል?» የሚለውን ለመለካት ዝርዝር አዘጋጁ፤ በ2003 ለዓለም ይፋ ሆነ። ያኔ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ ከዋናው ቻይና አንድም አልነበረም። በ2016 ጺንግሁዋ እና ፔኪንግ ገቡ።

ሚዛኑ ምን ይመዝናል? ከ100 ነጥብ 30ው የኖቤልና የፊልድስ ሽልማት ላገኙ ተመራቂዎችና መምህራን ነው። 60ው ለታተሙ ጥናቶችና ሥራቸው በብዛት ለሚጠቀስ ተመራማሪዎች ይሰጣል። ቀሪው 10 ይህ ሁሉ ለመምህራኑ ብዛት ሲካፈል ነው። መምህሩ ተማሪውን እንዴት እንደሚያስተምር የሚለካ አንድም ነጥብ የለም!

አገርን በዚህ ስንመዝን ስህተቱ ይገዝፋል። ጀርመን ውስጥ በርካታ የኖቤል ተሸላሚዎች የሚሠሩት በማክስ ፕላንክ ተቋማት ነው። ተቋማቱ ዩኒቨርሲቲ ስላልሆኑ በዝርዝሩ የሉም። ፈረንሳይ ደግሞ ነባር ተቋማትን አዋህዳ በ2019 መጨረሻ ፓሪስ-ሳክሌን መሠረተች፤ በ2020 14ኛ ሆኖ ወጣ። መምህራኑም ቤተ ሙከራዎቹም ግን ፊትም ነበሩ። የተለወጠው የሚቆጠሩበት ስም ነው።

በ2022 ደግሞ ሚዛኑ በተወለደባት በቻይና ሬንሚንን ጨምሮ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ከዓለም አቀፍ የደረጃ ውድድሮች መውጣታቸው ተሰማ።

ታዲያ ዝርዝሩ ውሸት ነው? አይደለም። ምርምርን ይለካል፤ ለተሠራበት ጥያቄም መልስ ሰጥቷል። ጥፋቱ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ማስገደዳችን ነው።

ደረሳ ከደረሳ ሲገናኝ «ማን ዘንድ ቀራህ? ምን ቀራህ?» ይባባላል። ዩኒቨርሲቲ የምትመርጡ ወጣቶችም ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ይህንኑ ጠይቁ፦ በምፈልገው ትምህርት የሚያስተምረኝ ማን ነው? የተመረቁትስ ምን ችለው ወጡ?

ወላሁ አዕለም።