የቀን መንገድና የሰዓት ስሌት፦ በጎጃም ደጋ የጉዞ ልኬት ታሪክ

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም ቀድሞ መንቆረር ይባል በነበረው በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፣ የሁለት ቦታዎች ርቀት ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረው በርዝመት ሳይሆን በጊዜ ነበር። ክንድና ስንዝር ለጨርቅና ለእንጨት ሲያገለግሉ፣ አገር ከአገር የሚያገናኘው መንገድ ግን የግማሽ ቀን ወይም የሁለት ቀን መንገድ እየተባለ ይገለጽ ነበር። ይህ አገላለጽ አንድ ያልተጠቀሰ መጠን በውስጡ ይዟል፤ እርሱም አማካይ ፍጥነት፣ ማለትም የተጓዙት ጠቅላላ ርቀት ለፈጀው ጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። የመንገደኛው አካሄድ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም እስካልተለዋወጠ ድረስ፣ የቀኑ ቁጥር ብቻውን ርቀቱን ሊያስረዳ ይችል ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ትታወቅ የነበረችው የባሶ ገበያ የዚህ ልኬት ጥቅም ጎልቶ የሚታይባት ቦታ ናት። ሲራራ ነጋዴዎች ከእናርያና ከሌሎች የጊቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ እንዲሁም ለባርነት የተዳረጉ ሰዎችን ይዘው አባይን እየተሻገሩ በባሶ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይጓዙ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣ ነበር። ሆኖም የነጋዴው ቀን ሙሉ በሙሉ የእርምጃ ቀን አልነበረም፤ ጭነት ሲጫንና ሲራገፍ፣ ከብት ሲግጥ፣ በኬላ ቀረጥ ሲከፈል ብዙ ሰዓት ያልፍ ነበር። ለስሌት ያህል፣ የጭነት በቅሎ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄደች በቀን 5 ሰዓት ብትጓዝ 20 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች፤ ርቀቱ ለ24ቱም ሰዓት ሲካፈል ግን አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት ከ1 ኪሎ ሜትር ያነሰ ይሆናል። በክረምት አባይ ሞልቶ መሻገሪያው ሲዘጋ ደግሞ፣ ርቀቱ ሳይጨምር ጊዜው ብቻ ስለሚረዝም አማካዩ ይበልጥ ያሽቆለቁላል።

ርቀትን ለጊዜ ማካፈል በሌላውም ዓለም ቢሆን ዘግይቶ የተለመደ ነው። የጥንት ግሪኮች በንጽጽር የሚያቀርቡት ተመሳሳይ ዓይነት መጠኖችን፣ ማለትም ርዝመትን ከርዝመት፣ ጊዜን ከጊዜ ጋር ስለነበር፣ ጋሊሊዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የወጥ እንቅስቃሴን ሕግ የገለጸው በእንዲህ ዓይነት ንጽጽር እንጂ ዛሬ ተማሪዎች በሚያውቁት ቀመር አልነበረም።

የባሶ ገበያ በምትታወቅበት በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጎጃምና በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ፣ ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እየለካ የቦታዎችን አቀማመጥ ሲያሰላ፣ ነጋዴዎች ከሚያውቁት የተለየ መጠን እየፈለገ ነበር። የነጋዴው መንገድ በገደልና በወንዝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሲሆን፣ በማዕዘን የሚሰላው ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከነአቅጣጫው ነው፤ ፊዚክስ ይህንን የቦታ ለውጥ ከተጓዙት ርቀት ለይቶ ይመለከተዋል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የመኪናው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀጥታው ግን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ጉዞው 6 ሰዓት ቢፈጅ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የቦታ ለውጡን ለጊዜ በማካፈል የሚገኘው አቅጣጫ ያለው ፍጥነት ወደ ሰሜን ምዕራብ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

የመኪና መንገድ ከመጣ በኋላም የአባይ በረሃ ስሌቱን ማወሳሰቡን አልተወም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። አንድ የጭነት መኪና 20 ኪሎ ሜትሩን ቁልቁለት በሰዓት 20፣ ቀሪውን 20 ኪሎ ሜትር ዳገት ደግሞ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ የሁለቱን ፍጥነቶች ግማሽ ድምር በመውሰድ መልሱን 15 ማለት ስሕተት ነው፤ ቁልቁለቱ 1 ሰዓት፣ ዳገቱ 2 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ 40 ለ3 ሲካፈል አማካዩ 13.3 ገደማ ይሆናል። መኪናው ረዘም ያለ ጊዜ ያሳለፈው በዝግታ በሄደበት ክፍል በመሆኑ፣ አማካዩም ወደዚያው ያዘነብላል። በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ የተመረቀው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ ቢያሻሽልም፣ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን እንዳለ ነው።

አማካይ ፍጥነት ምን እንደሚሰውር የጣሊያን ወረራ ካበቃበት ከ1933 ዓ.ም. የድል ጉዞ በግልጽ መረዳት ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። 300 ኪሎ ሜትሩ ለ29 ቀን ሲካፈል በቀን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ከሲራራ ነጋዴ ያነሰ ጉዞ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ጊዜ አብዛኛው ያለፈው በመንገድ ላይ ሳይሆን፣ የእንግሊዝ የጦር አዛዦች የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ዋና ከተማው መግባት በማዘግየታቸው በደብረ ማርቆስ በተደረገ ቆይታ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የመዘግየቱ ምክንያት መንገድ ይሁን ፖለቲካ ለይቶ አይናገርም።

የቀን መንገድ የሚባለው ልኬት ዳገቱን፣ ኬላውንና ክረምቱን በአንድ ቁጥር አጠቃልሎ ለነጋዴው ሲያቀርብ፣ ኪሎ ሜትር ደግሞ እነዚህን ሁሉ ትቶ ርዝመቱን ብቻ ያስቀራል። የኪሎ ሜትር ጥቅም ለእግረኛም ለበቅሎም ለመኪናም አለመለወጡ ነው፤ ነገር ግን በጎጃም መንገድ የጉዞ ጊዜን አስቀድሞ ለመገመት የሚፈልግ ሰው፣ ከኪሎ ሜትሩ የተተወውን ዳገትና ማቆሚያ በጊዜው በኩል መልሶ ማስላት ይኖርበታል።